ዓሣን መብላት በብልሃት፤ ስለ ደሴት ሰዎች፣ ስለ ተከለለ ውሃና ስለ ነጋዴው ድርሻ

የነጋዴ ብልህነት የሚታወቀው ዛሬ ባገኘው ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ለከርሞ የሚሸጠው ዕቃ እንዳይጠፋበት አስቀድሞ በማሰቡም ጭምር ነው። ጨርቅ ወይም ቆርቆሮ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ቢያልቅበት ለፋብሪካው ጽፎ ሌላ ያስመጣል። ከሐይቅ የሚወጣ ዓሣ ግን እንደዚህ አይደለም። ዓሣን የሚያስገኘው ራሱ ዓሣው ስለ ሆነ፣ እናቲቱ ካለቀች ሌላ እንዲላክ የሚጻፍለት ፋብሪካ የለም። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ሲሉ በመጀመሪያ ያሰቡት ስለ አጥንቱ ቢሆንም፣ ምሳሌው ለሚበላው ብቻ ሳይሆን ለሚያሰግረውም፣ ለሚሸጠውም፣ መረብ ለሚያስመጣውም የሚሆን ምክር ነው።

ይህ ነገር ለውርጌሳ፣ ለመርሳና ለወልድያ ነጋዴዎች የሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሁለቱም ወገን መንገዳችን ወደ ውሃ ይወስደናል። ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከሐይቅ ከተማ ሲደርስ የሐይቅን ውሃ ያገኛል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል የሚሄደው ደግሞ ወረታ ደርሶ ከጣና ዳር ይወጣል። ስለዚህ የወረዳችን ነጋዴ በሁለት ሐይቆች መካከል የተቀመጠ ሰው ነውና፣ ውሃው ሲከለልና ሲጠበቅ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ምን እንደሚያስቡ፣ የእርሱም ሥራ በዚህ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ማወቅ ይገባዋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

1ኛ. ውሃን መከለል ማለት ምንድር ነው?

በሌላው ዓለም «የባሕር ፓርክ» የሚባለው ከባሕር ወይም ከሐይቅ አንድ ክፍል ተለይቶ ዓሣ እንዳይጠመድበት፣ ወይም በተወሰኑ ወራት ብቻ እንዲጠመድበት፣ ወይም በተፈቀደ መሣሪያ ብቻ እንዲሠራበት የሚደረግ ሥፍራ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ደሴቶቿም ያሉት በሐይቆቿ ውስጥ ነው። የመከለሉ ሐሳብ ግን በጨው ውሃም ሆነ በጣፋጭ ውሃ አንድ ነው።

ሐሳቡ ለገበሬያችን እንግዳ አይደለም። ገበሬ ማሽላውን ወይም ጤፉን ሲያስገባ የዘሩን እህል ለይቶ ያኖራል፤ ክረምት ገብቶ ጎተራው ቢጎድል እንኳ ዘሩን ከመንካት ይልቅ ተበድሮ መብላትን ይመርጣል። የተከለለ ውሃም የሐይቁ የዘር እህል ነው። ዓሣው በዚያ ሥፍራ አድጎ ይወልዳል፤ ልጆቹም ከክልሉ ወጥተው በቀረው ውሃ ለአስጋሪው ይደርሳሉ።

ይሁን እንጂ በገበሬውና በዓሣ አስጋሪው መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የገበሬው ዘር በገዛ ጎተራው ነው፤ ቢቆጥብ የሚጠቀመው ራሱ ነው። የአስጋሪው ዘር ግን በሁሉም ፊት በውሃ ውስጥ ስለሚዋኝ፣ እርሱ የተወውን ጎረቤቱ ሊያነሣው ይችላል። የደሴት ሰዎች ስለ ተከለለ ውሃ ያላቸው አሳብ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «እኔ ብተው የሚያገኘው ማን ነው?» የሚል ነው።

2ኛ. የጣና ደሴቶችና ሰዎቻቸው

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በአገራችን ከሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ሥፍራ እንኳ ወደ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከሁሉ የሚሰፋው ደቅ ነው፤ በዚያም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስም የታወቁ ገዳማት ናቸው።

በእነዚህ ደሴቶችና በዙሪያቸው ባለው ጠረፍ የሚኖሩት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህም ስለ ውሃው ያላቸው አሳብ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

መነኮሳቱ ቦታቸውን የሚያዩት እንደ ቅዱስ ሥፍራ ነው። ዛሬ በዙሪያው ያለው ምድር በአብዛኛው ተመንጥሮ ሳለ፣ በገዳማቱ ደሴቶች ላይ ጥንታዊ ዛፎች ቆመው የሚታዩት የገዳሙን ዛፍ መቁረጥ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ነው። እንግዲህ ክልል የሚባለው ነገር በውጭ አገር ሊቃውንት ከመነገሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ስሙ ባይጠራም ሥራው በጣና ደሴቶች ነበረ።

ከባሕር ዳር አጠገብ ያለው የዘጌ ምድርም ለነጋዴ ትልቅ ምሳሌ ነው። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ምድር ነው። ሕዝቡ በበሬ አለማረስን ከአባቶቹ እንደ ሃይማኖት ሥርዓት ተቀብሎ፣ በደኑ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ሲሸጥ ኖሯል። ደኑ የቆየው በሥርዓቱ ብቻ አይደለም፤ ቡናው ገዥ ስለ ነበረውም ነው። ሥርዓትና ገበያ በአንድነት ሲቆሙ ክልል ይጸናል፤ አንዱ ሌላውን ሲጎትት ግን ይናጋል።

ነገደ ወይጦ የሚባሉት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ የሚተዳደሩ፣ ከደንገል ታንኳ በመሥራትም የታወቁ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ ደንገሉ የታንኳቸው እንጨት ነው፤ ለዓሣውም መጠለያና ልጆቹን ማሳደጊያ ነው። ደንገሉ ለእርሻ ሲመነጠር ሁለቱም በአንድነት ይጎዳሉ። እነዚህ ሰዎች የሚታረስ ሰፊ መሬት ስለሌላቸው «ውሃው ተከልሏል» የሚል ቃል ሲሰሙ ቢፈሩ አያስደንቅም። መሬት ያለው ሰው ዓሣውን ቢተው ወደ ማሳው ይመለሳል፤ መሬት የሌለው ግን የሚመለስበት የለውም።

የደቅ ሰዎች እርሻና ዓሣን አጣምረው ይይዛሉ፤ በከተሞቹ ያሉት ደግሞ በማኅበር ተደራጅተው በሞተር ጀልባ ይሠራሉ። ለአንዱ ሐይቁ ጓሮው ነው፤ ለሌላው የሥራ መስኩ ነው። ሁሉንም በአንድ ቃል «የአካባቢው ሕዝብ» ብሎ ማለፍ የገዥዎቹን ዓይነት ሳይለይ ሱቅ እንደ መክፈት ይቆጠራል።

3ኛ. ነጭ ዓሣ የደረሰበት

በጣና ለገበያ የሚወጣው ዓሣ በአብዛኛው ሦስት ወገን ነው፤ ይኸውም ነጭ ዓሣ፣ ቀረሶና አምባዛ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚባለው በዓለም ላይ ልዩ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቶ ስላኖረው፣ በሐይቁ ውስጥ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ የሉም። አንዳንዶቹ በወገናቸው ባልተለመደ መንገድ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው።

ነጭ ዓሣ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው፤ ለመውለድም ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይሄዳሉ፤ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ይህ ጉዞ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ነው። በዚያን ጊዜ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የነበረው ዓሣ በጠባቡ የወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ዘር የሚተካበት ወር ዓሣው በቀላሉ የሚያዝበት ወር መሆኑ ነው፤ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል።

በቀድሞው ዘመን አስጋሪው በታንኳ ከጠረፍ ብዙ ሳይርቅ ይሠራ ስለ ነበር፣ መካከለኛው ሐይቅ ማንም ሳይከልለው የተከለለ ነበር ማለት ይቻላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ከሆላንድ በተገኘ ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። አሳቡ በጎ ነበር፤ ለአስጋሪዎች ገቢን፣ ለከተሞችም ምግብን ለማስገኘት ነው። የሚወጣውም ዓሣ በ10 ዓመት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ነገር ግን ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. ባደረጉት ጥናት፣ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ታዳጊዎቹ ደግሞ ከዚያም በላይ ቀንሰው ነበር።

የዚህ ምክንያት የሞተር ጀልባ ብቻ አይደለም። በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት፣ በየወንዙ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ዓሣውን ማደንዘዝ፣ ከወንዝ አሸዋ ማውጣት፣ በበጋም ውሃውን ለመስኖ ስቦ ማድረቅ ሁሉም የየድርሻቸውን አድርገዋል። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ በአንድ ቀጭን ክር የተሠራ ርካሽ መረብ በሐይቁ ተሠራጨ። ይህ መረብ በውሃ ውስጥ ለዓሣው አይታይም፤ ቀዳዳው ሲጠብም ታዳጊውን ሁሉ ይይዛል። ሲበጠስ በሐይቁ ስለሚጣል፣ ባለቤቱ ከተወው በኋላም ለማንም የማይሆን ዓሣ እየያዘ ይቀመጣል።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጣናን ከነዙሪያው «ባዮስፌር ሪዘርቭ» ብሎ መዘገበው። የዚህ አከላለል ጠባይ ሰውን ማስወጣት አይደለም። ሥፍራው በሦስት ይከፈላል፤ እምብርቱ በጥብቅ ይጠበቃል፣ በዙሪያው ያለው በጥንቃቄ ይሠራበታል፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሕዝቡ የሚኖርበትና የሚያመርትበት ነው። የዓሣ ሥራም ራሱን የቻለ ሕግ አለው፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፣ የዐማራ ክልልም የራሱን አዋጅ ደንግጓል። እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የሚቀረው ሕጉ በሰው ልብና በገበያ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው።

4ኛ. ከፊሊፒንስ ደሴቶች የሚገኝ ትምህርት

ሕግ በሰው ልብ ሲገባና ሳይገባ የሚሆነውን ለማየት የፊሊፒንስን አገር እንመልከት። ፊሊፒንስ ብዙ ሺህ ደሴቶች ያሏት፣ ሕዝቧም በዓሣ የኖረ አገር ናት።

የመጀመሪያው ትምህርት የጥፋት ነው። በሚንዳናው ደሴት ላይ ያለው የላናው ሐይቅ እንደ ጣና ሁሉ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ፣ ከጣና ነጭ ዓሣ ጋር በወገን የሚዛመዱ ብዙ የዓሣ ዓይነቶች ነበሩት። ከሌላ ውሃ የመጡ ዓሦች ስለ ገቡበትና ያለ ልክ ስለ ተሰገረ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ከ17ቱ የሐይቁ ዓይነቶች 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን አስታወቀ። ስለዚህ ሊቃውንት ዛሬ እንደዚህ ያለው የዓሣ ቤተሰብ በሙላት ቀረ የሚሉት በጣና ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በሱሚሎን ደሴት ዙሪያ ካለው ባሕር አንድ ክፍል በሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አሳሳቢነት ተከለለ። ዓሣው በዛ፤ በቀረው ባሕር የሚሠሩትም አስጋሪዎች ተጠቀሙ። ነገር ግን ክልሉ ከሕዝቡ ስምምነት ይልቅ በባለ ሥልጣኖች ፈቃድ የቆመ ስለ ነበር፣ በ1984 ዓ.ም. የአካባቢው አስተዳደር ሲለወጥ ፈረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ አስጋሪዎቹ የሚያገኙት ዓሣ በግማሽ ያህል ወረደ። በተከለለው ሥፍራ የነበረውን ባወጡ ጊዜ ከውጭ ያለውም አብሮ አነሰባቸው።

የአፖ ደሴት ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። አፖ ስፋቷ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ በጥቂት መቶ ሰዎች የምትኖር ደሴት ናት። የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አንጀል አልካላና ባልደረቦቻቸው ክልል እንዲደረግ ሲመክሩ፣ አስጋሪዎቹ መጀመሪያ አልተቀበሏቸውም። መምህራኑ ግን አላስገደዷቸውም። ለዓመታት ተመላልሰው ተነጋገሩ፤ አንዳንዶቹንም ወደ ሱሚሎን ወስደው ክልሉ ገና ሳይፈርስ የነበረውን ዓሣ በዓይናቸው አሳዩአቸው። በ1982 ዓ.ም. የደሴቲቱ ሰዎች ራሳቸው ከባሕራቸው ጥቂቱን ክፍል ለይተው ከለሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የአካባቢው አስተዳደር በደንብ አጸናላቸው። ጥበቃውንም ራሳቸው ያዙ። ዓሣው በዛ፣ ባሕሩን ለማየት ከሚመጡ እንግዶችም ገንዘብ ያገኙ ጀመር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ያማረ ተረት በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. ደሴቲቱ በአገር አቀፍ ሕግ ሥር ስትገባ፣ አስተዳደሩ ከደሴቲቱ ሰዎች እጅ ወደ ሩቅ ጽሕፈት ቤት ተላለፈ። ከእንግዶች የሚሰበሰበውም ገንዘብ ዘግይቶ ስለሚደርሳቸው ቅሬታ አሰሙ። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው ማዕበል ደግሞ የተከለለውን የባሕር ክፍል ክፉኛ ጎዳው። ከዚህ የምንማረው ክልል አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ሥራ አለመሆኑን ነው። በጣናም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታየው እምቦጭ ይህንኑ ያስተምራል፤ አረሙ የሰውን ድንበር አያውቅም፣ የተከለለውንም ያልተከለለውንም እኩል ይሸፍናል።

5ኛ. የደሴት ሰው ስለ ምን ይቀበላል? ስለ ምንስ ይቃወማል?

ከተነገረው ሁሉ አራት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ሰው የሚያምነው ያየውን ነው። የአፖ አስጋሪዎች በቃል ያልተቀበሉትን በዓይናቸው ባዩ ጊዜ ተቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ደንቡን ያወጣው ሰው ደንቡን ይጠብቃል። በሌላ ሰው የተወሰነበት ግን ጠባቂው ዞር እስኪል ይጠባበቃል።

ሦስተኛ፣ ክልል የመጀመሪያ ዓመታት ዕዳ አለው። ዓሣው እስኪበዛ ድረስ ውሃው ይቀንስበታል፤ ገቢውም ያንሳል። መሬትና ከብት ያለው ይህን ጊዜ ሊታገሥ ይችላል፤ የዕለት ጉርሱን ከውሃው የሚያወጣ ግን አይችልም። ስለዚህ የደኃው ተቃውሞ ሁልጊዜ ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ሒሳቡን አስልቶ ያገኘው መልስ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ሕግ ጠባቂው ከሕግ አፍራሹ ይልቅ ተጎጂ ከሆነ ሕጉ አይቆምም። በነሐሴ መረቡን አውጥቶ የተቀመጠ አስጋሪ፣ በወንዝ አፍ የዘረጋው ጎረቤቱ በገበያ ያለ አንዳች ጥያቄ ዓሣውን ሸጦ ሲመለስ ካየ፣ በሚመጣው ዓመት አብሮት ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከአስጋሪው ወጥቶ ወደ ነጋዴው የሚገባው። ያን ዓሣ የገዛው ማን ነው? ያንንስ መረብ የሸጠው ማን ነው?

6ኛ. በቅርባችን ያለው ሐይቅ

ጣና ሰፊ ስለ ሆነ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይታያል። በእኛ በኩል ያለው የሐይቅ ውሃ ግን ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጥልቀቱ ከጣና ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው በውስጡ የገባው ሁሉ በውስጡ ይቀራል። ጎረቤቱ አርዲቦም ከእርሱ ያነሰ ነው። በሐይቅ የሚሰገረው ቀረሶ በሰው እጅ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

በዚህ ውሃ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት ነው። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ በእኛም መንገድ ላይ የደሴት ሥርዓት ያለው፣ ሕዝቡም የሚያከብረው ሥፍራ አለ። ውሃውን ለመጠበቅ ምክር ቢደረግ፣ የሐይቅ አስጋሪዎችና የገዳሙ አባቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊጠሩ ይገባል እንጂ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሊነገራቸው አይገባም። ትንሽ ሐይቅ እንደ ትንሽ ሱቅ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ከተነካ ለማንሠራራት ጊዜ አይሰጥም።

7ኛ. የነጋዴው ድርሻ

መንግሥት በየወንዙ አፍ ዘበኛ ሊያቆም አይችልም። ዓሣና መረብ ግን ሁሉም በነጋዴ እጅ ያልፋሉ። ስለዚህ ሕጉ ከሚጸናባቸው ሥፍራዎች አንዱ የሱቅ ባንኮኒ ነው።

መረብ አስመጪ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ያለው የአንድ ክር መረብ በርካሽ ይመጣል፤ ቶሎ ይሸጣል፤ ቶሎ ስለሚበጠስም ገዥው ይመለሳል። ለአንድና ለሁለት ዓመት ይህ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን የዓሣው ዘር ሲያልቅ አስጋሪው መረብ መግዛቱን ያቆማል። የራሱን ደንበኛ የሚያጠፋ ዕቃ ርካሽ ሊባል አይችልም። ወፈር ያለው፣ በብዙ ክር የተገመደውና ቀዳዳው ሰፊ የሆነው መረብ በዋጋ ቢወደድም ዕድሜው ረጅም ነው፤ የሚይዘውም ዓሣ ለገበያ የደረሰውን ነው።

ወደ ውጭ ላኪም ሒሳቡን ይመልከት። የጣና ዓሣ ደርቆ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገበያ ሲሄድ ኖሯል። ደረቅ ዓሣ በበረዶ መያዝ ስለማያስፈልገው ለላኪው ይመቻል፤ ነገር ግን ከደረቀ በኋላ በየትኛው ወርና በየትኛው ሥፍራ እንደ ተያዘ ማንም ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ላኪው ዕቃው ሲደርሰው ሳይሆን ከመያዙ በፊት ከአስጋሪዎች ማኅበር ጋር መዋዋል አለበት። ምንጩ የታወቀ ዕቃ በማናቸውም ገበያ ከማይታወቀው ይልቅ ይታመናል።

ባለ ሱቁና ዓሣ ቸርቻሪው ደግሞ ዘመን መቁጠሪያውን ይመልከት። በጾም ወራት ዓሣ የሚፈልግ ገዥ ይበዛል። ዐቢይ ጾም የሚውለው በበጋና በጸደይ ወራት ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ ነጭ ዓሣ ለመውለድ ወደ ወንዝ አይወጣም። የፍልሰታ ጾም ግን ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ ያም ነጭ ዓሣው ዕንቁላል ተሸክሞ በወንዝ አፍ የሚቆምበት ወር ነው። ፈላጊው በዛ ብሎ በዚያን ጊዜ ነጭ ዓሣ መሰብሰብ የዘር እህል ከፍቶ እንደ መሸጥ ይቆጠራል። ቸርቻሪው በዐቢይ ጾም በሰፊው ቢሸጥና በክረምት ነጭ ዓሣን ቢተው፣ ከዓመቱ ገቢው የሚቀነስበት ጥቂት ሲሆን ለከርሞ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ አስጋሪ ሩብ ኪሎ የሚመዝኑ 4 ታዳጊ ዓሦች ቢይዝ 1 ኪሎ ይሸጣል። እነዚያው 4 ዓሦች አድገው እያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ቢደርሱና 1 በተፈጥሮ ቢሞት፣ የቀሩት 3 ኪሎ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ ከመያዛቸው በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ወልደው ከሆነ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ወለዱ ብቻ ተበላ ማለት ነው። ትልቅ እናት ዓሣ ከትንሿ ይልቅ እጅግ ብዙ ዕንቁላል እንደምትጥልም አይዘንጋ። ሌላው ሳይታሰብ የሚጠፋ ሀብት በመንገድ የሚበላሸው ዓሣ ነው። በረዶ፣ ጥላ፣ ንጹሕ ሣጥንና ጥሩ ማድረቂያ ያዘጋጀ ነጋዴ አንድም ተጨማሪ ዓሣ ሳይሰገር ብዙ ዓሣ ለገበያ ያቀርባል።

በዚህ ጊዜ አንድ ነጋዴ «እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል» ሊል ይችላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ይህ ግን አስጋሪው በውሃው ላይ ሆኖ የሚናገረው ቃል ራሱ ነው። የአፖ ሰዎች መልስ ያገኙለት በአንድነት በመስማማት ነው እንጂ እያንዳንዱ ብቻውን በመታቀብ አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በአንድ ከተማ ያሉ መረብ ሻጮችና ዓሣ ገዥዎች በንግድ ምክር ቤታቸው ተሰብስበው «ይህን መረብ አናስገባም፣ በእነዚህ ወራት ነጭ ዓሣ አንገዛም» ብለው ቢስማሙ፣ ብቻውን የሚጎዳ ነጋዴ አይኖርም። በዚያው ስብሰባ ላይም የአስጋሪዎች ማኅበራት ሊጠሩ ይገባል፤ በክረምት መረቡን ላወጣ አስጋሪ በበጋ ዓሣውን በተሻለ ዋጋ ለመግዛት ቃል ቢገባለት የክልሉ ዕዳ በእርሱ ትከሻ ላይ ብቻ አይወድቅም።

ለአሠራር እንዲመች ነጋዴው መረብ ወይም ዓሣ ከመቀበሉ በፊት የሚጠይቃቸውን አምስት ጥያቄዎች እዚህ አስቀምጠናል።

1. መረቡ በስንት ክር የተገመደ ነው? ቀዳዳውስ ታዳጊውን ያሳልፋል?
2. ዓሣው ከየትኛው ውሃ፣ ከሐይቁ መካከል ነው ወይስ ከወንዝ አፍ የወጣ?
3. በየትኛው ወር ተያዘ? ሆዱስ ዕንቁላል አለበት?
4. አስጋሪው ፈቃድ ወይም ማኅበር አለው?
5. ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ ሳይበላሽ የሚቆይበት ዝግጅት አለን?

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። በደሴት ያለው አስጋሪ ዓሣውን ሲያወርድ ገዥው እንደሚጠይቀው አስቀድሞ ካወቀ፣ መረቡን ከመዘርጋቱ በፊት ያስባል። የላናውን ሐይቅ ዓሣ ዛሬ ማንም በገንዘቡ ሊገዛው አይችልም። የጣናንና የሐይቅን ዓሣ ግን ገና እንገዛለን፤ ልጆቻችንም እንዲገዙት የምንፈልግ ከሆነ በሚመጣው ነሐሴ በየሱቃችን የሚሆነውን ከአሁኑ ልንወስን ይገባናል።